የቢሮ ፋይል ባክአፕ በራሱ ሰዓት እንዲሠራ፦ ሮቦኮፒና ታስክ ስኬጁለር ደረጃ በደረጃ

አንድ ትንሽ ቢሮ አስቡ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አለ። ደብዳቤው፣ ውሉ፣ የደመወዝ መክፈያው ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ የሚደረገው የሒሳብ ሠራተኛዋ ትዝ ሲላት፣ በፍላሽ ነው። ሥራ ሲበዛ ትዝ አይላትም። ጥፋቷ አይደለም። በግብር ሰሞን ማን ምን ያስታውሳል? ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሚበላሸው ሰሞን መርጦ አይደለም።

መፍትሔው ሥራውን ከሰው ትውስታ አውጥቶ ለኮምፒውተሩ መስጠት ነው። የሚገዛ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ሮቦኮፒ የሚባል ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። የሚጫን ቁልፍ ወይም ምስል የለውም፤ በጥቁሩ መስኮት፣ በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ትዕዛዝ በመጻፍ ይሠራል። በስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት የሚነግረው ታስክ ስኬጁለርም እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ።

ኮፒ የሚያደርገው ትዕዛዝ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱን ማንም ይጽፈዋል። ጥሩ ስክሪፕት፣ ማለትም ትዕዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል፣ የሚለየው በጥርጣሬው ነው። ዲስኩ ካልተሰካ፣ ዋናው ፎልደር ባዶ ከሆነ፣ አንድ ፋይል እንኳ ካመለጠ ቆሞ መጮህ አለበት። ዝም ብሎ የሚከሽፍ ባክአፕ አደገኛ ነው፤ ሰው ተማምኖበት ይተኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከኮፒው ይልቅ በጥበቃው ላይ ብዙ እቆያለሁ።

ስለ አጻጻፉ ትንሽ። ትዕዛዞቹን ያስቀመጥኳቸው በስልክ ለሰው እንደሚነገረው፣ በድምፃቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ ስትጽፉ የእንግሊዝኛውን ፊደል ተጠቀሙ። ቁጥሩን፣ ስላሹን፣ ባክስላሹን፣ ሁለት ነጥቡንና ክፍት ቦታውን ግን እንዳለ አስገቡ። ሮቦኮፒ ማለት «ሮቦት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጨረሻዋን ፊደል አስቀርቶ «ኮፒ»ን ያለ ክፍት ቦታ መቀጠል ነው። ኢኮ የሚጻፈው በኢ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ ነው። ኤግዚስት እና ኤግዚት በኢ እና በኤክስ ይጀምራሉ። ጎቱ እና ኤረርሌቨል እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ናቸው። ስላሽን ተከትለው የሚመጡት አጫጭሮቹ፣ ለምሳሌ /ኤምአይአር፣ የፊደል ስሞች ናቸው፦ ኤም፣ አይ፣ አር።

1. ፋይሎቹን አንድ ቦታ ሰብስቡ

አብዛኛው ሰው ሁሉንም ነገር ዴስክቶፕ ላይ ያከማቻል። ዴስክቶፕ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አስቸግሮ ቴክኒሻን ፎርማት ሲያደርገው አብሮ ይጠፋል። ዲ ድራይቭ ካላችሁ እዚያ ላይ «ዳታ» የሚል ፎልደር ክፈቱና የቢሮውን ሥራ በሙሉ ወደዚያ አዛውሩ። ዲ ከሌላችሁ ሲ ላይም ይሆናል፤ ከታች ዲ ያልኩትን ሲ እያላችሁ ተከተሉ።

የዚህን ዋና ፎልደር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት። በውስጡ ያሉት ፋይሎችና ፎልደሮች በአማርኛ ቢሰየሙ ችግር የለም። «የ2016 ደመወዝ» የሚለውን ሮቦኮፒ ሳይነካካ ኮፒ ያደርገዋል። በጥቁሩ መስኮት ላይ ስሙ በትንንሽ ሳጥን ተተክቶ ብታዩት አትደንግጡ። መስኮቱ የሚጠቀምበት የፊደል ዓይነት የአማርኛ ፊደል ስለሌለው ነው እንጂ ፋይሉ ጤነኛ ነው። በስክሪፕቱ ውስጥ የአማርኛ ስም ማስገባት ግን የኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጥበት ኮድ፣ ጣጣ ያመጣል። ለዚህ ነው ዋናውን ብቻ በእንግሊዝኛ ያልኩት።

ፒችትሪን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ የዳታ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ልክ አይደለም። ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ያልተጻፈ ሒሳብ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ትክክለኛው መንገድ የራሱን ባክአፕ መጠቀም ነው፤ ፋይል በሚለው ሜኑ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የሚያወጣውን አንድ ፋይል «ዳታ» ውስጥ አስቀምጡት። ሮቦኮፒ ያንን ይወስዳል። ይህ አንዱ በእጅ የሚቀር ሥራ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ የቀኑን ሥራ ስትዘጋ አብሮ የሚሠራ ልማድ ይሁን።

2. ዲስኩን አዘጋጁ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ፍላሽ ፋይል ለማመላለስ ነው እንጂ ለዚህ ዓይነት ሥራ አይሆንም። በተለይ ትልቅ መጠን ተጽፎበት በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ፍላሽ አትንኩ። እውነተኛ መጠኑ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ሆኖ፣ ከሞላ በኋላ የሚገባውን ፋይል የተቀበለ መስሎ የሚያጠፋ አለ።

ዲስኩ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ይሁን። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ያንን ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን የለውጥ መዝገብ አይዝም፤ መብራት በመሀል ሲጠፋ ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ ይጎዳል። መብራት ለሚቆራረጥበት ቢሮ ምርጫው ግልጽ ነው።

ዲስኩን ሰክታችሁ የትኛውን ፊደል እንደያዘ እዩ። ኤፍ ነው እንበል። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና እነዚህን ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ኢንተር፦

ኤምዲ ኤፍ:\ባክአፕ\ኦኬ
ኤምዲ ዲ:\ዳታ\ኦኬ
ኤምዲ ዲ:\ቱልስ

ኤምዲ ፎልደር ይከፍታል። «ኦኬ» የተባሉት ሁለቱ ባዶ ፎልደሮች የስክሪፕቱ ምልክቶች ናቸው። ጥቅማቸውን ወደ ታች ታዩታላችሁ። አሁን ለቢሮው ሰው ሁሉ ንገሩ፦ «ኦኬ» የሚለውን ማንም እንዳያጠፋ።

3. መጀመሪያ ኮፒ ሳታደርጉ ሞክሩ

ሮቦኮፒ አንድ ደስ የሚል ባሕርይ አለው። /ኤል ከጨመራችሁበት ምንም ሳይነካ፣ ቢነካ ምን ያደርግ እንደነበር ብቻ ዘርዝሮ ያሳያል።

ሮቦኮፒ ዲ:\ዳታ ኤፍ:\ባክአፕ\ዳታ /ኢ /አር:2 /ደብሊው:5 /ኤል

የመጀመሪያው ከየት፣ ሁለተኛው ወዴት ነው። /ኢ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ባዶዎቹን ጨምሮ ውሰድ ማለት ነው። /አር:2 አንድ ፋይል እምቢ ካለ 2 ጊዜ ደግመህ ሞክር፣ /ደብሊው:5 በመሀሉ 5 ሰከንድ ጠብቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ፈጽሞ አትርሱ። ካልጻፋችኋቸው ሮቦኮፒ አንድ ፋይል 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል። አስሉት፤ 347 ቀን ገደማ ነው። አንድ ሰው ወርድ ላይ ደብዳቤ ከፍቶ ምሳ ስለወጣ ባክአፑ እዚያ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ሌላው ወጥመድ ክፍት ቦታ ያለበት የፎልደር ስም ነው። እንዲህ ያለው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባል። ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት ግን ባክስላሽ እንዳይኖር። ካለ ሮቦኮፒ ጥቅሱ የተዘጋ አይመስለውም፤ የቀረውን ሁሉ የፎልደሩ ስም አድርጎ ያነበዋል። «ዳታ» ያልኩት ባለ አንድ ቃል ስም ከዚህ ያድናል።

ዝርዝሩ ትክክል ከመሰላችሁ /ኤልን አጥፍታችሁ ድገሙት። የመጀመሪያው ኮፒ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የተለወጠውንና አዲሱን ብቻ ስለሚወስድ ፈጣን ነው።

4. መስታወት መሆን

በ/ኢ ፈንታ /ኤምአይአር ስትጽፉ ሮቦኮፒ መድረሻውን የምንጩ መስታወት ያደርገዋል። አዲሱን ይጨምራል፤ ከምንጩ የጠፋውንም ከመድረሻው ያጠፋል። ባክአፑ በአሮጌ ፋይል እንዳይታጨቅ ይህ ጥሩ ነው።

ግን አስቡት። አንድ ሰው በስህተት የ«ዳታ»ን ይዘት በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ጎትቶ ቢያዛውር፣ ምሳ ሰዓት ላይ መስታወቱ ባዶ ፎልደር ያያል። ታዝዟልና ባክአፑንም ባዶ ያደርገዋል። ምልክቱ የሚያድነው እዚህ ላይ ነው። ይዘቱ ሲዛወር «ኦኬ» አብሮ ይሄዳል። ስክሪፕቱ «ኦኬ»ን ካጣ አንዲት ፋይል ሳይነካ ይቆማል።

መድረሻውን በተመለከተም አንድ ነገር ልብ በሉ። /ኤምአይአርን ወደ ዲስኩ ሥር በቀጥታ፣ ማለትም ወደ ኤፍ:\ አትላኩ። ዲስኩ ላይ ያለውን ሌላ ነገር ሁሉ «ምንጩ ላይ የለም» ብሎ ይጠርገዋል። ሁልጊዜ የራሱ ፎልደር ይኑረው። የዲስኩን «ኦኬ»ም ከ«ባክአፕ\ዳታ» ውጭ ያደረግኩት ለዚሁ ነው።

5. ስክሪፕቱ

ኖትፓድ ክፈቱና ይህን ጻፉ። እያንዳንዱ በራሱ መስመር ነው፦

@ኢኮ ኦፍ
ሴት ዲስክ=
ፎር %%ኤክስ ኢን (ኢ ኤፍ ጂ ኤች) ዱ ኢፍ ኤግዚስት %%ኤክስ:\ባክአፕ\ኦኬ ሴት ዲስክ=%%ኤክስ:
ኢፍ ኖት ዲፋይንድ ዲስክ ጎቱ ኖዲስክ
ኢፍ ኖት ኤግዚስት ዲ:\ዳታ\ኦኬ ጎቱ ኖዳታ
ሮቦኮፒ ዲ:\ዳታ %ዲስክ%\ባክአፕ\ዳታ /ኤምአይአር /አር:2 /ደብሊው:5 /ኤንፒ /ዩኒሎግ+:ዲ:\ቱልስ\ሎግ.ቲኤክስቲ
ኢፍ ኤረርሌቨል 8 ጎቱ ባድ
ኤግዚት /ቢ 0
:ኖዲስክ
ስታርት ኖትፓድ ዲ:\ቱልስ\ኖዲስክ.ቲኤክስቲ
ኤግዚት /ቢ 1
:ኖዳታ
ስታርት ኖትፓድ ዲ:\ቱልስ\ኖዳታ.ቲኤክስቲ
ኤግዚት /ቢ 1
:ባድ
ስታርት ኖትፓድ ዲ:\ቱልስ\ሎግ.ቲኤክስቲ
ኤግዚት /ቢ 1

ሦስተኛው መስመር ዲስኩን ይፈልጋል። ኤክስተርናል ዲስክ ዛሬ ኤፍ፣ ነገ ሌላ ፍላሽ ቀድሞት ከተሰካ ጂ ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ብቻ አምኖ የሚጽፍ ስክሪፕት የእንግዳ ፍላሽ ላይ መስታወት ሊሠራ ይችላል። ይሄኛው ግን አራቱንም ያንኳኳል፤ «ባክአፕ\ኦኬ» ያለበትን ብቻ የራሱ ነው ይላል። የትም ካላገኘው ኖዲስክ ወደሚለው ይዘላል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ እንዳትተዉ፤ ክፍት ቦታውም የስሙ አካል ይሆናል።

/ኤንፒ ሎጉ፣ ማለትም የሥራው መዝገብ፣ በፐርሰንት ቁጥር እንዳይሞላ ያደርጋል። /ዩኒሎግ+ የሠራውን ሁሉ በፋይል ይመዘግባል። የመደመር ምልክቱ ከትናንቱ ሥር ቀጥል ማለት ነው። ተራው /ሎግ ብትጠቀሙ የአማርኛ የፋይል ስሞች በጥያቄ ምልክት ይተካሉ። በ/ዩኒሎግ ግን ኖትፓድ ላይ በደንብ ይነበባሉ።

ኤረርሌቨል 8 የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች በሰላም ሲጨርሱ 0 ይመልሳሉ፤ ከ0 ውጭ ያለው ችግር ነው። ሮቦኮፒ እንደዚያ አይደለም። 0 ማለት የሚኮፒ አዲስ ነገር አልነበረም፣ 1 ማለት ፋይሎች በሰላም ኮፒ ሆነዋል፣ 2 መድረሻው ላይ ትርፍ ፋይል ተገኝቷል ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ያልተኮፒ ፋይል ያለው። 16 ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። መስመሩ «8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ» ተብሎ ይነበባል።

ስክሪፕቱን ዲ:\ቱልስ ውስጥ «ባክአፕ.ባት» ብላችሁ አስቀምጡት። ሴቭ ስታደርጉ ከታች የፋይል ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» አድርጉ። አለበለዚያ ኖትፓድ በስውር የራሱን ቲኤክስቲ ይቀጥልበታል፤ ፋይሉም ስክሪፕት መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል።

ከዚያ በዚያው ፎልደር ውስጥ ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች አዘጋጁ። እነዚህን በአማርኛ ጻፏቸው፣ የሚያነባቸው ሰው ነውና። ኖዲስክ ውስጥ፦ «የዛሬው ባክአፕ አልተሠራም። ዲስኩ አልተሰካም። እባክዎ ሰክተው ባክአፕ የሚለውን ፋይል ሁለቴ ይጫኑ።» ኖዳታ ውስጥ፦ «ዳታ ፎልደር ተነክቷል። ባክአፕ ቆሟል። ምንም ሳይነኩ ለኃላፊው ይንገሩ።» ችግር ሲኖር ጽሑፉ ራሱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። በእንግሊዝኛ ከሚመጣ የስህተት ቁጥር ይልቅ ይህ ሰው ያስነሳል።

6. ሰዓቱን ሙሉ

ኤስሲኤችታስክስ /ክሪኤት /ቲኤን ባክአፕ /ቲአር ዲ:\ቱልስ\ባክአፕ.ባት /ኤስሲ ዴይሊ /ኤስቲ 12:30

የመጀመሪያው ቃል ኤስ፣ ሲ፣ ኤች ብሎ «ታስክስ» ያለ ክፍት ቦታ ይቀጥላል። /ቲኤን የሥራው ስም፣ /ቲአር የሚነሳው ፋይል፣ /ኤስሲ ዴይሊ በየቀኑ፣ /ኤስቲ መነሻ ሰዓቱ ነው።

እዚህ ላይ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ የሚያውቀው በ24 የሚቆጠረውን የፈረንጅ ሰዓት ነው። 12:30 ማለት የእኛ ከቀኑ 6:30፣ የምሳ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር 06:30 ብላችሁ ብትሞሉ ከጠዋቱ 12:30 ላይ ይነሳል፤ ያኔ ቢሮው ገና አልተከፈተም፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል። የሰዓት ክልሉም የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን፣ ማለትም +3 መሆኑን አረጋግጡ።

ምሳ ሰዓትን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ ክፍት ነው፣ ሰዎች ወጥተዋል፣ የተከፈተ ፋይል ጥቂት ነው። ሌሊት ብዙ ቢሮ ሶኬት ነቅሎ ነው የሚሄደው።

7. መብራት ሲጠፋ

ዊንዶው የሚባለውን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ታስክስኬድ.ኤምኤስሲ» ጻፉ። የመጀመሪያው ቃል «ታስክ» እና ኤስ፣ ሲ፣ ኤች፣ ዲ ፊደሎች ናቸው። በሚከፈተው መስኮት «ባክአፕ» የሚለውን ሁለቴ ተጫኑ።

«ኮንዲሽንስ» በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ካልሆነ ሥራው እንዳይጀምር የሚያደርግ ምልክት አለ። ከመጀመሪያውም በርቶ ነው የሚመጣው። ላፕቶፕ ከሆነ አጥፉት። 6:30 ላይ መብራት የጠፋ ቀን ባክአፑ ይዘለላልና። «ሴቲንግስ» ላይ ደግሞ ያመለጠ ሥራ ካለ በተቻለ ፍጥነት እንዲነሳ የሚለው ሳጥን አለ። እሱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ አብሩት። ኮምፒውተሩ ምሳ ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከነበረ ሲበራ ባክአፑ ይነሳል። ለእኛ አገር ቢሮ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህች ሳጥን ናት። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ካላችሁ ዩፒኤስ ይኑራችሁ።

8. ሆን ብላችሁ አሰናክሉት

ዲስኩን ንቀሉና ይህን ጻፉ፦

ኤስሲኤችታስክስ /ረን /ቲኤን ባክአፕ

የአማርኛው ማስጠንቀቂያ ብቅ ማለት አለበት። ካላለ የሆነ ቦታ የፊደል ስህተት አለ። ቀጥሎ ዲስኩን ሰክታችሁ፣ ከዲ:\ዳታ ውስጥ ያለውን «ኦኬ» ለጊዜው ስሙን ቀይሩና እንደገና አስነሱት። ኖዳታ መምጣት አለበት። ስሙን መልሱት። ሦስተኛው ፈተና በደህናው ቀን ነው፤ አስነሱትና ሎጉን ክፈቱ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። «ፌይልድ» በሚለው ዓምድ ሥር ያሉት ሁሉ 0 መሆን አለባቸው።

9. ሁለተኛው ዲስክ

እስካሁን የሠራነው ከዲስክ ብልሽትና ከእጅ ስህተት ያድናል። ከሌባ፣ ከእሳትና ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስ አያድንም። በ2017 ግንቦት ወር በፈረንጆቹ አቆጣጠር በብዙ አገር የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የተሰካው ዲስክ ላይ ያለውንም ይቆልፍ ነበር። መስታወቱ ደግሞ የተቆለፈውን ፋይል እንደ አዲስ ለውጥ ቆጥሮ በደህናው ላይ ይጽፈዋል።

በየቀኑ እየሰካችሁ ንቀሉ አልልም። ያ ነገሩን ወደ ሰው ትውስታ ይመልሰዋል። ሁለተኛ ዲስክ ግዙ፤ እሱም ላይ «ባክአፕ\ኦኬ» ክፈቱ። ስክሪፕቱ ፊደል ስለማይመርጥ ምንም አትቀይሩም። አርብ አርብ አንዱን ንቀሉና ሌላውን ስኩ። የተነቀለው ሥራ አስኪያጁ ቤት ይደር። ቢሮው ቢዘረፍ ቢያንስ ያለፈው ሳምንት በእጃችሁ አለ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባለው ደንብ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቦታው የራቀ። ሁለቱን ዲስኮች በአንድ ጊዜ አትስኩ።

ዲስኩ ከቢሮ ስለሚወጣ ቢጠፋ የደንበኛና የደመወዝ መረጃ አብሮ ይወጣል። ዊንዶውስ ፕሮ ካላችሁ ዲስክን በይለፍ ቃል የሚቆልፈውን ቢትሎከርን አብሩበት፤ የመክፈቻውንም ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከዲስኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። የተቆለፈው ዲስክ በተሰካ ቁጥር የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ያንን ካላደረጋችሁ ስክሪፕቱ ዲስኩን ያጣዋል።

10. መመለሱን አረጋግጡ

በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት፣ ይህን ሥሩ፦

ሮቦኮፒ ኤፍ:\ባክአፕ\ዳታ ዲ:\ሙከራ /ኢ /አር:2 /ደብሊው:5

«ሙከራ» ያልኩትን በእንግሊዝኛ ፊደል የፈለጋችሁትን ስም ስጡት። እዚህ ላይ /ኤምአይአር አትጠቀሙ። መድረሻውም ዲ:\ዳታ እንዳይሆን። አሮጌውን በአዲሱ ላይ ትገለብጡታላችሁ።

ከዚያ ፋይሎቹን በእርግጥ ክፈቱ። አንድ የወርድ፣ አንድ የኤክሴል፣ አንድ ስካን የተደረገ ውል። የፒችትሪውን ባክአፕ ሪስቶር ስታደርጉ «አዲስ ካምፓኒ» የሚለውን ምረጡ፤ ነባሩ ላይ ከመለሳችሁት የዛሬው ሒሳብ በትናንቱ ይተካል። የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከዋናው ጋር አመሳክሩ። ከተስማማ የሙከራውን ፎልደር አጥፉት። ሌላ ኮምፒውተር ካላችሁ ይህንኑ እዚያ ላይ መሞከር ይሻላል። ዋናው የተበላሸ ቀን የምትመልሱት እዚያ ላይ ነውና፣ የፒችትሪ ማስጫኛውና ሲሪያል ቁጥሩም የት እንዳለ አብራችሁ ታውቃላችሁ።